የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የድንጋይ ከሰል አመድ ውሃ ሲገባ ዓሣው ምን ይሆናል?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ የሚጠይቁትም ከቦይለርና ከፋብሪካ ስለሚወጣ የድንጋይ ከሰል አመድ ነው። የማገዶና የእንጨት ከሰል አመድ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም። አገራችን በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የላትም፤ አመዱ በዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ለአሥርተ ዓመታት የተጠናው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ነው። ከታች የምንጠቅሳቸው ወሰኖችም በአብዛኛው የዚያ አገር ናቸው፤ ዓመቶቻቸውም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ 20 በ10 ሜትር የሆነ የቆሮሶ ዓሣ ኩሬ ቆፍሬያለሁ። መሬታችን አሲዳማ ስለሆነ ውሃ ከመሙላትህ በፊት ኖራ በትንበት ተብያለሁ፤ ኖራው ግን በጊዜው አልደረሰልኝም። አንድ ፋብሪካ የቦይለሩን አመድ የፈለገ በነፃ ይጫን ይላል። አመድ አሲድ ያበርዳል ሲባል እሰማለሁና በኖራው ፈንታ ብበትነውስ?

መልስ፦ አይበትኑት። ለእንዲህ ያለ ኩሬ የሚበቃው የእርሻ ኖራ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ በሄክታር ሲሰላ ከ10 እስከ 20 ኩንታል መሆኑ ነው። ጥሩ ኖራ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የድንጋይ ከሰል አመድ ግን አብዛኛው ሲሊካና አሉሚና ነው፤ በውስጡ ያለው የኖራ ድርሻ እንደ ከሰሉ ይለያያል፣ በብዙው ግን ትንሽ ነው። የ40 ኪሎ ኖራ ሥራ እንዲሠራልዎ ከፈለጉ ብዙ ኩንታል አመድ መበተን ይኖርብዎታል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አመድ ሴሊኒየም የሚባል፣ ሲበዛ ዓሣን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይይዛል። በአንድ ኪሎ አመድ ውስጥ 5 ሚሊግራም ሴሊኒየም አለ እንበል፤ የተጋነነ ግምት አይደለም። 10 ኩንታል አመድ 5 ግራም ይይዛል። ከዚህ አንድ አምስተኛው ብቻ ቢሟሟ 1 ግራም ነው። ኩሬዎ በአንድ ሜትር ጥልቀት 200,000 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ በሊትር 5 ማይክሮግራም ይደርሳል (ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው)። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 ለረጋ ውሃ ያወጣው ወሰን 1.5 ማይክሮግራም ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ አለፉት ማለት ነው። «እንግዲያው አንድ ሁለት ኩንታል ብቻ ላድርግ» ቢሉ ከወሰኑ በታች ይሆኑ ይሆናል፤ ኖራነቱ ግን ለምንም አይበቃዎትም፣ በየዓመቱ ሲደጋግሙት ደግሞ ደለሉ ውስጥ ይጠራቀማል።

አመዱ ከየት እንደሚወጣም ለውጥ አለው። ከቦይለሩ ምድጃ ሥር የሚጠረገው ሻካራና ጠጠር የበዛበት ነው። ከጭስ ማውጫው ማጣሪያ የሚራገፈው ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀ ግራጫ ብናኝ ነው። ሴሊኒየምና አርሴኒክ በእሳቱ ኃይል ተንነው ከጭሱ ጋር ይወጡና ጭሱ ሲበርድ በደቃቁ ብናኝ ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ የከፋው ብናኙ ነው። በብዙ ፋብሪካ ግን ሁለቱም አንድ ክምር ላይ ስለሚጣሉ «የኔ የታችኛው ነው» ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሌላም አለ። ኖራ የበዛበት ትኩስ አመድ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) እስከ 11 እና 12 ሊያወጣው ይችላል፤ ዓሣ የሚመቸው ከ6.5 እስከ 9 ነው። መኖ በሚሰጥበት ኩሬ ውስጥ ደግሞ አሞኒያ አይጠፋም። ውሃው 25 ዲግሪ ሙቀት ኖሮት ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 9 ሲደርስ ከሲሶ በላይ ይሆናል። የኩሬ ፒኤች በአልጌው ምክንያት ከሰዓት በኋላ ራሱም ከፍ ስለሚል፣ ጠዋት ደኅና የነበረው ዓሣ አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ላይ አፉን ከፍቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ይልቅ ኖራው እስኪመጣ አፈሩን ይመርምሩ። ከኩሬው ወለል ከአምስት ስድስት ቦታ አፈር ይውሰዱ፤ ቀላቅለው ያድርቁት፤ አንድ እጅ አፈር በአንድ እጅ ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያቆዩና በፒኤች ወረቀት ይለኩት። 6.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ኖራም አያስፈልግዎ ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ ኖራውን በባዶው ወለልና በግድግዳው ላይ እኩል በትነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይተው ውሃ ይሙሉ። አመዱን አስቀድመው በትነውት ከሆነ ውሃ ሳይገባ ከላይ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጠርገው ያውጡት፤ የጠረጉትን ወደ መስኖ ቦይ አይጣሉት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ከአንድ የአስጋሪዎች ማኅበር)፦ ውሃ ሲመረዝ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል፤ እኛ የምናውቀው ይህን ነው። የሞተ ካልታየ ስለ አመድ የሚያሳስበን ምንድን ነው?

መልስ፦ ጣና በአመድ ተበክሏል እያልን አይደለም። ግን «የሞተ አልታየም» የሚለው መለኪያ ለአመድ ጨርሶ አይሠራም።

አመድ በአንድ ጊዜ በብዛት ሲገባ የሚሆነው በዓይን ይታያል። በቴነሲ የኪንግስተን ማመንጫ ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 የአመድ ማጠራቀሚያው ግድብ ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የአመድ ጭቃ ወደ ወንዝ ገባ። እንዲህ ያለ ጎርፍ የዓሣውን ስንጥብ ይደፍናል፣ የወንዙን ወለል ይቀብራል፤ ማንም አይስተውም።

የሚስተው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ ዋናው ተዋናይም ሴሊኒየም ነው። በውሃ ውስጥ ሟምቶ ትልቅ ዓሣን በቀጥታ ለመግደል በሊትር በሺህ ማይክሮግራም የሚቆጠር ሴሊኒየም ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ብዙ ጊዜ አይገኝም። አልጌው ግን በውሃው ካለው በመቶና በሺህ እጥፍ አድርጎ ያከማቻል፤ አልጌውን ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፣ እነሱን ዓሣው ይበላቸዋል። እናቲቱ ዓሣ ራሷ ወፍራ፣ ደኅና መስላ ትታያለች። እንቁላል ስትሠራ ግን ሴሊኒየሙን ከአስኳሉ ፕሮቲን ጋር ታስገባዋለች። ጫጩቱ ከእንቁላል ወጥቶ አስኳሉን እየመጠጠ ባለባቸው ጥቂት ቀናት የጀርባ አጥንቱ ይጣመማል፣ መንጋጋው ይጎድላል፣ ክንፉ ሳይወጣ ይቀራል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለ ጫጩት መዋኘት ስለማይችል ወይ በረሃብ ያልቃል ወይ ይበላል። ሬሳው ከጣት ጥፍር ስለማይበልጥ ማን ያየዋል?

ይህ በትክክል የታየው በሰሜን ካሮላይና በቤሉስ ሐይቅ ነው። ከ1974 ጀምሮ የአንድ ማመንጫ የአመድ ኩሬ ውሃ ወደ ሐይቁ ይለቀቅ ነበር። በሐይቁ ውስጥ የነበረው ሴሊኒየም በአማካይ በሊትር 10 ማይክሮግራም አካባቢ ብቻ ነበር፤ በሕያዋኑ አካል ውስጥ ግን ከ500 እስከ 4,000 እጥፍ ገደማ ተከማችቶ ተገኘ። በሐይቁ ከነበሩት 20 የዓሣ ዝርያዎች 19ኙ ተጎዱ፤ 16ቱ ጨርሰው ጠፉ። ዝርያዎቹ የጠፉት አዋቂዎቹ በእርጅናና በመስገር ሲያልቁ የሚተካቸው ስላልነበረ ነው። በ1985 ፋብሪካው አመዱን በደረቁ ወደ ማስወገድ ሲዞር ፍሳሹ ቆመ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ሴሊኒየሙ በደለሉ ውስጥ ገና አልጠፋም ነበር።

የእኛን ዓሣዎች በዚህ ዓይን ስናያቸው ሁለት ነገር ጎልቶ ይታየናል። ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ከአዳኝ ትጠብቃለች፤ መርዙ የገባው በአስኳሉ ውስጥ ስለሆነ ግን ያ ሁሉ ጥበቃ አያድናቸውም። በጣና ወደ 17 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት የነጭ ዓሣ ወገን ደግሞ ከፊሉ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥቶ በጠጠር ላይ ይጥላል። ጎርፍ አመድ የሚያጥበውም በዚያው ወቅት ነው። ደቃቁ አመድ በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከሞላው እንቁላሉ ኦክስጅን አያገኝም፤ ሴሊኒየም ባይኖርበት እንኳ ይታፈናል።

ስለዚህ ማኅበራችሁ የያዘውን ዓሣ ርዝመት ይመዝግብ። ማስገር ከመጠን ሲያልፍ የሚጠፋው ትልልቁ ነው፤ መረቡ በትናንሽ ይሞላል። የመራቢያ ችግር ሲኖር ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ትልልቁ ይያዛል፣ ትንሹ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ሁለት ተከታታይ ክረምት ካለፈ በኋላ ትናንሽ ዓሣ ካልታየ የሞተ ዓሣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ያኔውኑ መጠየቅ ነው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ በመረባችን አንዳንዴ ጀርባው የተጣመመ ቆሮሶ፣ አንዳንዴም ሆዱ ያበጠ ትናንሽ ዓሣ ይገባል። የፋብሪካ ዝቃጭ ነው የሚሉ አሉ። እንዴት እንለየው?

መልስ፦ አንድ የተጣመመ ዓሣ ምንም አይነግራችሁም። ወፍ ነክሶት፣ መረብ ቆርጦት፣ በዘር ሊሆን ይችላል። በኩሬ ለሚረባ ዓሣ የተለመደው ምክንያት የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው፤ መኖው በሙቀት ብዙ ወር ሲቀመጥ ቫይታሚኑ ይጠፋል። ሆዱ ያበጠውን ትንሽ ዓሣ ደግሞ ቀድዳችሁ እዩት። በጣና ትናንሽ የባርበስ ዝርያዎች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል ነጭ፣ ጠፍጣፋና ረጅም የኮሶ ዓይነት ትል እንዳለ የታወቀ ነው። ትሉ ካለ መልሱን አገኛችሁ፤ አመድ የለበትም።

አመድን ከጠረጠራችሁ መታየት ያለበት አዋቂው ሳይሆን ጫጩቱ ነው። በደንገሉ ሥር ጥልቀት ከሌለው ውሃ ከ1.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቢያንስ 100 ጫጩቶችን በጥቃቅን ወንፊት መረብ ያዙ። (ለናሙና ካልሆነ በቀር በአጎበር ማስገር ዘር መፍጀት ነው፤ ይህንንም በአንድ ቀን ጨርሱት።) ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ አምስት አምስት እያደረጋችሁ እዩአቸው። ከላይ ሲታዩ የጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ጠመዝማዛ ነው? ከጎን ሲታዩ ጎብጧል ወይስ ሰርጉዷል? የስንጥቡ ክዳን አጥሮ ቀዩ ስንጥብ ይታያል? የታችኛው መንጋጋ አለ? ዓይኑ ወጥቷል? ክንፎቹ ሙሉ ናቸው? ጉድለት ያለበትን ሁሉ ቁጠሩ። በዚያው ሳምንት ፍሳሽ ከማይደርስበት ሌላ ዳርቻም እንዲሁ 100 ያዙ፤ ይህ ሁለተኛው ቆጠራ ከሌለ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም።

በዘርፉ የሚሠራበት መለኪያ ከ100 ጫጩት ጉድለት ያለባቸው ከ6 በታች ከሆኑ ጉዳቱ ቀላል ነው ይላል፤ ከ25 ካለፉ ዝርያው ራሱን መተካት እያቃተው ነው። የተጣመሙትን ለማሳየት በ70 በመቶ አልኮል አስቀምጡ። ለሴሊኒየም ልኬት የሚላኩትን ግን አልኮል አታስነኳቸው፤ በንጹሕ ፕላስቲክ አሽጋችሁ በረዶ አድርጓቸው። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ሊለይላችሁ ይችላል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የዓሣ ማርቢያ ልንሠራበት ያሰብነው ጅረት ከላይ በኩል የአመድ ክምር አለበት። ውሃውን አስመርምረን ለመጠጥ መስፈርት ያልፋል፣ «ሴሊኒየም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዘናል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የሰውና የዓሣ ወሰን አንድ ላይ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር እስከ 40 ማይክሮግራም ሴሊኒየም ይፈቅዳል፤ ለዓሣ ግን የአሜሪካው ወሰን ለሚፈስ ውሃ 3.1፣ ለረጋ ውሃ 1.5 ነው። ለሰው ፍጹም ደኅና የሆነ ውሃ የዓሣ ዘር ሊያጠፋ ይችላል። አርሴኒክ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለመጠጥ 10 ማይክሮግራም፣ ለዓሣ በዘላቂነት 150 ነው። ካድሚየም ለመጠጥ 3 ሲሆን ለዓሣ፣ ውሃው መካከለኛ ጠንካራነት ካለው፣ ከ1 በታች ነው። ጠንካራ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት፣ የካድሚየምና የእርሳስን ጉዳት ይቀንሳል፤ ሴሊኒየም ላይ ግን እንዲህ አይረዳም።

«አልተገኘም» የሚለውም ብቻውን ባዶ ቃል ነው። መሣሪያው ማየት የሚችለው ትንሹ መጠን 10 ማይክሮግራም ከሆነ 6 ማይክሮግራም ያለበት ውሃ «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ቤተ ሙከራውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የማያችሁት ትንሹ መጠን ስንት ነው? በምን መሣሪያ? ተራው የነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን ለዚህ አይሆንም። ሃይድራይድ የተገጠመለት አቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም አይሲፒ-ኤምኤስ ያስፈልጋል፤ የሚያየውም ከ1 ማይክሮግራም በታች መሆን አለበት።

ናሙናውን ስትቀዱ በአሲድ የታጠበ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤተ ሙከራው ተቀበሉ። ፊታችሁን ወደ ላይኛው ውሃ አዙራችሁ ቁሙ፤ እግራችሁ የበጠበጠው ጭቃ ወደ ጠርሙሱ እንዳይገባ ነው። ከአመዱ በላይ አንድ፣ በታች ሁለት ቦታ ቅዱ። ውሃው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ በሊትር 2 ሚሊ ሊትር ያህል ጠንካራ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አሲዱን ከቤተ ሙከራው ባለሙያ በቀር ማንም አይያዘው። ቦሮንና ሰልፌትም ይለካ። ሁለቱ ከአመዱ በታች አብረው ከፍ ካሉ ፍሳሹ የአመዱ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ አንዱን በሚያዝያ ውሃው ሲጎድል፣ አንዱን በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ጎርፎች ሲወርዱ ቅዱ። በመስከረም ብቻ የተቀዳ ናሙና ሁሉንም ንጹሕ ያስመስለዋል።

በጅረቱ ዓሣ ካለ ግን ከውሃው ይልቅ እንቁላሉ እውነቱን ይናገራል። እንቁላል ከያዙ አምስት እናቶች እንቁላላቸውን አስመርምሩ፤ ወሰኑ በኪሎ ደረቅ ክብደት 15.1 ሚሊግራም ነው። ለሙሉ ዓሣ 8.5፣ ለሥጋው 11.3 ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቤተ ሙከራው ውጤቱን በእርጥብ ክብደት ጽፎት ከሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር አይነጻጸርም። የዓሣ ሥጋ ሦስት አራተኛውና ከዚያ በላይ ውሃ ስለሆነ በእርጥብ 3 ሚሊግራም የተባለው በደረቅ ከ12 በላይ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ የእርጥበቱ መጠን እንዲጻፍ አስገድዱ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ የሲሚንቶ ምድጃ የድንጋይ ከሰል ያነዳል። አመዱ ወደ አባይ በረሃ በሚወርዱት ጅረቶች አይገባም ወይ?

መልስ፦ በሲሚንቶ ምድጃ የከሰሉ አመድ እንደ ቦይለር አመድ ለብቻው አይወጣም። ምድጃው ውስጥ 1,450 ዲግሪ አካባቢ በሚደርሰው ሙቀት ከኖራ ድንጋዩና ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር፣ ይሆናል። ስለዚህ በሲሚንቶ ፋብሪካ ዙሪያ የአመድ ኩሬ ፍለጋ አይድከሙ። መታየት ያለበት ሜዳ ላይ የተቆለለው ጥሬ ከሰል ነው። ከሰል ውስጥ ያለው ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ዝናብና አየር ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ ከክምሩ ሥር የሚወጣው ውሃ ፒኤቹ 3 እና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ድንጋይ ላይ የሚጋገር ብርቱካናማ ዝገት ነው። አሲዱ ከአፈሩ አሉሚኒየም ያሟሟል፤ አሉሚኒየሙ የዓሣው ስንጥብ ላይ ይረጋና ያፍነዋል። መፍትሔው ጣሪያ፣ ሲሚንቶ ወለልና ዙሪያውን ቦይ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ ከአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል)፦ ቦይለራችን በቀን 10 ቶን ከሰል ያነዳል። አመዱን በውሃ እያጠብን ወደ ዝቃጭ ኩሬ እንልከዋለን፤ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሌላ ማድረግ ያለብን አለ?

መልስ፦ ከሰላችሁ 25 በመቶ አመድ ካለው በቀን 2.5 ቶን ታወጣላችሁ፤ በዓመት 300 ቀን ከሠራችሁ 750 ቶን ነው። ይህን ሁሉ በውሃ ማጠብ አመዱን እንደ ሻይ ቅጠል መዘፍዘፍ ነው። የዝቃጭ ኩሬ ብናኙን ያስቀራል፤ የሟሟውን አያስቀርም። ሴሌኔት የሚባለው የሴሊኒየም ዓይነት ኖራ ቢጨመርበትም አይዘቅጥም። አርሴኒኩ ብረት ካገኘ አብሮ ይወርዳል፤ ሴሌኔቱ ግን ከጥርት ካለው ውሃ ጋር ይሄዳል።

አመዱን በደረቁ አውጡት። አቧራው እንዳይነሣ በትንሹ ብቻ አርጥቡት፣ ውሃ እስኪያንጠባጥብ አታድርሱት። ማስቀመጫው ከጎርፍ መንገድ የራቀ ይሁን፤ ወለሉን በየ15 እና 20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ 60 ሴንቲ ሜትር የሸክላ አፈር ሥሩለት ወይም ሲሚንቶ አድርጉት፤ ከላይ በቆርቆሮ ክደኑት። ክዳን ውድ ነው ለሚል፦ ባሕር ዳርም ሆነ ምዕራብ ጎጃም በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ይዘንባል። 500 ካሬ ሜትር የተገለጠ ክምር በዓመት 700 ሜትር ኩብ ውሃ ይቀበላል፤ ያን ሁሉ ከማጣራት ቆርቆሮው ይረክሳል። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ አዙሩት። ከክምሩ ራሱ ለሚወጣው ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ከባድ ዝናብ የሚይዝ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ለ500 ካሬ ሜትር 40 ሜትር ኩብ ነው። የተጠራቀመውን መልሳችሁ አቧራ ለማርጠብ ተጠቀሙበት እንጂ ወደ ወንዝ አትልቀቁት።

ደቃቁ ብናኝ ሳይቃጠል የቀረ ከሰል ካልበዛበት የብሎኬት አምራቾች ይፈልጉታል፤ ሻካራው ግን የብሎኬቱን ጥንካሬ ስለሚቀንስ መጀመሪያ በጥቂት ናሙና ሞክሩት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ በጾም ወራት ዓሣ በየቀኑ ማለት ይቻላል እንበላለን። ከአመድ አጠገብ ያለ ውሃ የወጣን ዓሣ መብላት ያስጠይቃል? ቆዳውን ብገፈው?

መልስ፦ በሥጋው የተቀመጠው ወሰን፣ በደረቅ 11.3 ሚሊግራም፣ በእርጥብ ወደ 2.5 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። 200 ግራም ዓሣ ከበሉ 500 ማይክሮግራም ወሰዱ። ለአዋቂ በቀን እንዳይታለፍ የሚመከረው 400 ነው። አንድ ቀን ቢያልፉት አይጎዳዎትም፤ ከመጠን በላይ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲወሰድ ግን ጥፍር ሊሰባበር፣ ጸጉር ሊረግፍ፣ ትንፋሽም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሊል ይችላል። ሴሊኒየሙ ያለው በሥጋው ፕሮቲን ውስጥ ስለሆነ ቆዳ መግፈፍም ሆነ መጥበስ አይቀንሰውም። ጉበቱና እንቁላሉ ግን ከሥጋው የበለጠ ስለሚይዙ ይጣሉ። ከአመድ የራቀ ውሃ የሚወጣ ዓሣ ካገኙ ያፈራርቁ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ፋብሪካ አመድ ወደ ወንዝ ሲደፋ ብናይ ዓሣም ኩሬም የሌለን ሰዎች መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡና የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር በቅጂው ላይ አስጽፉ፤ ያለ ቀን የገባ ወረቀት 30 ቀኑን ለመቁጠር አይሆናችሁም። ናሙና ከቀዳችሁ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ታሽጎ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ስጡ፣ አንዱን እናንተ በረዶ ውስጥ አቆዩት። ፎቶ ስታነሡም የፈሰሰበትን ቦይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ በአንድ ላይ የሚያሳይ አድርጉት፤ የአመዱን ክምር ብቻ ማሳየት ወደ ወንዙ መግባቱን አያስረዳም።